«ለምጄዋለሁ» የምንለው የሌሊት ጩኸት



ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው፤ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፣ አያቋርጡም፣ ጨውም ቀንሰዋል። የዛን ቀን ግፊታቸው 158/96 ነበር። የመጡት ግን ለግፊቱ አልነበረም፤ የእንቅልፍ ኪኒን እንዳዝላቸው ነው።

«እትዬ፣ እንቅልፍ እምቢ አለዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ እተኛለሁ ዶክተርዬ። ሦስት ሰዓት ላይ ጋደም ካልኩ እስከ አሥራ ሁለት ነኝ። ግን ስነሳ ተኝቼ ያደርኩ አይመስለኝም። ሲወቅጡኝ ያደሩ ነው የሚመስለኝ።»

ቡና ከሰዓት በኋላ አይጠጡም። ጫት አይቅሙም። አያንኮራፉም፤ ልጃቸው አብራቸው ስለምትተኛ ጠይቄያታለሁ። ታይሮይድም፣ ደም ማነስም፣ ስኳርም ታይቶ ደህና ነው። ግራ ሲገባኝ «ለመሆኑ የሚተኙት የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ዋናው አስፋልት ዳር፣ ከሱቃቸው ጀርባ ባለች ክፍል። መስኮቷ ወደ መንገድ ነው፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የላትም። ፊት ለፊት ግሮሰሪ አለ፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሞንታርቦው በሩ ላይ ይጮሃል። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ደሞ ተሳቢዎች ማለፍ ይጀምራሉ።

«ታዲያ ጩኸቱ አይረብሽዎትም?»

«የቱ ጩኸት? ኧረ ለምጄዋለሁ! አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬበት!»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች አንድ ቃል ነው። ለምጄዋለሁ።

ዓይን ክዳን አለው፤ ጆሮ ክዳን የለውም። ስንተኛ ጆሯችን ሥራ አያቆምም፤ ድምፁ ልክ እንደ ቀኑ ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል ነው «ልንቃ ወይስ ልተወው» ብሎ የሚወስነው። ኢንተርን ሳለሁ ዱቲ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ሲያወራ፣ በር ሲንኳኳ፣ አልጋ ሲጎተት ድብን ብዬ እተኛ ነበር። አንዲት ነርስ ዝቅ ባለ ድምፅ ስሜን ስትጠራ ግን ቁጭ እላለሁ። በ1960 ኢያን ኦስዋልድ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ፈትሾታል፤ የተኙ ሰዎች ብዙ ስሞች ሲነበቡላቸው፣ የራሳቸው ስም ሲደርስ አንጎላቸው ጎልቶ ምላሽ ይሰጥ ነበር። ማለትም ተኝተንም እየሰማን፣ እየመረጥንም ነው።

ስለዚህ «ለምጄዋለሁ» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። አንጎል የተሳቢውን ድምፅ «ይሄ አደጋ የለውም» ብሎ መዝግቦታል፣ ስለዚህ አይቀሰቅሳችሁም። ሌላው ግማሽ ግን እውነት አይደለም። ባትነቁም እንኳ ድምፁ በመጣ ቁጥር ልብ ፈጠን ይላል፣ የደም ሥሮች ጠበብ ይላሉ፣ ከጥልቅ እንቅልፍ ወደ ቀላሉ ከፍ ትላላችሁ። ከዛ ትመለሳላችሁ፤ ጠዋት ምንም አታስታውሱም። መንቃቱን ሰው ይለምደዋል፤ የልብ ምላሽ ግን በዓመታት ውስጥም ያን ያህል አይለመድም።

ጤነኛ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ይህ ለልብና ለደም ሥር የዕረፍት ሰዓት ነው። ሌሊት ግፊታቸው የማይወርድላቸው ሰዎች ለስትሮክና ለልብ ሕመም የበለጠ እንደሚጋለጡ በደንብ ይታወቃል። በ2008 በአውሮፓ አራት አየር ማረፊያዎች አቅራቢያ የሚኖሩ 140 ሰዎች በየቤታቸው ተኝተው፣ ግፊታቸው በየ15 ደቂቃው ሲለካ አደረ። አውሮፕላን ሲያልፍ የላይኛው ግፊት በአማካይ 6 ነጥብ ያህል ከፍ ይል ነበር፤ ሰዎቹ ሳይነቁ! መኪና ሲያልፍም፣ አጠገባቸው የተኛ ሰው ሲያንኮራፋም ግፊታቸው ይጨምር ነበር። (የጥናቱ ምህፃረ ቃል «ሃይና» ነው፤ ጅብ ማለት። ለሌሊት ጥናት ከዚህ የተሻለ ስም እኛም አናወጣለትም።)

6 ነጥብ ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ሌሊት ስንት መኪና እንደሚያልፍ አስቡት፣ ከዛ በአሥራ ስምንት ዓመት አባዙት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው ግምት፣ በትራፊክ ጩኸት ምክንያት ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ በየዓመቱ ቢያንስ 1 ሚሊዮን የጤና ዓመታት ይባክናሉ፤ ትልቁ ድርሻ የእንቅልፍ መረበሽ ነው። እነሱ ደሞ ድርብ መስታወት ያለው መስኮት ዘግተው የሚተኙ ሰዎች ናቸው።

እኛ ዘግተን መተኛት አንችልም። የአዳማ ችግር እዚህ ጋ ነው ከሌላው የሚለየው። ስለ ድምፅ የሚጻፉ ምክሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት «መስኮትዎን ይዝጉ» ብለው ነው። በሚያዝያና በግንቦት አዳማ ላይ መስኮት ዘግታችሁ፣ ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት እያወረደባችሁ ተኙ እስኪ! እንቅልፍ እንዲመጣ የሰውነት ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት፤ ክፍሉ ከጋለ አይወርድም። ስለዚህ ወይ ሙቀት ወይ ጩኸት እንመርጣለን። መቂም፣ ባቱም፣ መተሐራም ያላችሁ ይገባችኋል። የጂቡቲው መንገድ በሞጆና በአዳማ ነው የሚያልፈው። ሻሸመኔ ደሞ የሐዋሳው፣ የባሌውና የወላይታው መንገድ የሚገናኙበት ከተማ ነው፤ መኪናው ሌሊት አያርፍም። ቢሾፍቱ ያላችሁ የአውሮፕላኑን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ድምፅ እንዴት እንደሚገባ እንይ፤ ይህን ካወቅን ብር የት እንደምናወጣና የት እንደማናወጣ እናውቃለን።

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ጸጥ ያለ መኝታ ቤት 30 ገደማ ነው፣ ተራ ወሬ 60 ገደማ። 10 ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ የጮኸ ያህል ነው፤ በጉልበት ደሞ አሥር እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መኝታ ቤት ውስጥ የማያቋርጠው ድምፅ ከ30 እንዳይበልጥ፣ ድንገት የሚመጣውም ከ45 እንዳያልፍ ነው። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭናችሁ ማታ ትራስ ላይ አስቀምጡት። ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም፤ ግን የመንገዱ ክፍልና የጓሮው ክፍል ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማነጻጸር ይበቃል።

ግድግዳ ድምፅ የሚያቆመው በክብደቱ ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ወይም በደንብ የተለሰነ ብሎኬት ብዙ ያስቀራል። ሚሊሜትር የማይሞላ ቆርቆሮና የላሜራ በር ግን ከወንፊት ብዙም አይሻሉም። ከሁሉም የሚገርመው ክፍተት ነው። 10 ካሬ ሜትር የሆነ ጥሩ ግድግዳ ብቻውን ድምፁን በ40 ዴሲቤል ገደማ ሊቀንስ ይችላል እንበል። እዛ ግድግዳ ላይ 10 ሴንቲ ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍተት ካለ፣ ቅነሳው ከ20 አያልፍም። ከግድግዳው አንድ በመቶ ብቻ ተከፍቶ! አሁን ቀና በሉና የቤታችሁን ግድግዳ ጫፍና ቆርቆሮው የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። የኔን የመጀመሪያ ኪራይ ቤት ሳስታውስ፣ እዛ ክፍተት ውስጥ ድመት ትገባ ነበር።

ስለዚህ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ልጆች፣ ተዉት። ስፖንጅም እንደዛው። እነሱ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንሱ ይሆናል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያቆሙም። ካርቶን ደሞ እሳት ይወዳል፣ በረሮም ይወዳል።

ማስተጋባት ስል፣ አዲስ የተሠሩ ቤቶችና ኮንዶሚኒየሞች ላይ የሚታይ ነው። ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ፣ ስስ መጋረጃ። እዛ ክፍል ውስጥ አንድ የባጃጅ ክላክስ ሲገባ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ይቆያል። ምንጣፍ፣ ወፈር ያለ መጋረጃ፣ ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ይህንን ይውጡታል። ቁም ሳጥኑን ድምፅ ከሚመጣበት ጎረቤት ጋር በሚያዋስናችሁ ግድግዳ ላይ ብታስጠጉት ደሞ ትንሽ ክብደትም ይጨምርላችኋል።

ለእትዬ የነገርኳቸው የመጀመሪያው ነገር ግን ሳንቲም የማያስወጣ ነው፦ አልጋውን ማዛወር። ጓሮ በኩል ዕቃ የሚያስቀምጡባት ክፍል አለቻቸው። መንገዱን በቀጥታ የማያይ ክፍል፣ መስኮቱ ክፍት ሆኖ እንኳ፣ መንገዱን ከሚያየው ክፍል በብዙ ይሻላል፤ ምክንያቱም ድምፁ በቤቱ ዙሪያ ተጠማዞ መምጣት አለበት። ይህ ለኛ አገር የሙቀቱንም ጥያቄ ይመልሳል፦ የመንገዱን መስኮት ዝጉ፣ የጓሮውን ክፈቱ። ሲከፈት አጎበር አትርሱ፤ ወባ አለ። አንድ ክፍል ብቻ ያላችሁ ተከራዮች ቢያንስ የአልጋውን ራስጌ ከመስኮቱ ሥር አንሱት።

ትንሽ ብር ካላችሁ ኮርኒስ ላይ አውሉት። አዳማ ውስጥ ሙቀትንም ድምፅንም አንድ ላይ የሚቀንስ ነገር ካለ እሱ ነው። ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራው ለአቧራ ነው እንጂ ለድምፅ ብዙ አይረዳም፤ ክብደት ያለው ኮምፔርሳቶ ወይም ጂብሰም ቦርድ ይሻላል። በላዩ ያለው የአየር ክፍተት የቆርቆሮውን ግለት ያስቀራል፣ ክረምት ላይ የዝናቡንም ድብደባ ያለዝባል። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በደንብ ይደፈን። የበርና የመስኮት ጠርዝ ላይ ደሞ ጎማ አስለጥፉ፤ ከበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅም ይሠራል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር በጣም ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ክፍተት ስትደፍኑ ሁሌም አንድ የአየር መግቢያ ተዉ። ቡና ያፈላችሁበትን ከሰል ደሞ በፍጹም፣ በፍጹም የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አታሳድሩ፤ «ከስሟል» ብላችሁም ቢሆን። ጄኔሬተርም መስኮት ሥር አይቁም። የከሰል ጭስ መርዙ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ጩኸት አይገድልም እኮ በአንድ ሌሊት፤ ከሰል ይገድላል።

ቬንትሌተር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ያው የማይለዋወጥ ድምፁ ድንገት የሚመጣውን ጩኸት ይሸፍነዋል፤ አንጎልን የሚያስደነግጠው ከጸጥታ መሃል ብድግ የሚለው ድምፅ ነውና። ለዚህ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው አልላችሁም፤ ለሙቀቱ ግን ይረዳችኋል፣ ሞክሩት። መብራት ሲጠፋ ሁለቱንም አንድ ላይ እንደምታጡ አውቃለሁ፣ ምን ይደረግ። በዘፈን ወይም በፊልም ድምፅ ለመሸፈን የምትሞክሩ ግን ተሳስታችኋል፤ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅና ወሬ አንጎልን ያነቃዋል። ኢርፎን ጆሮ ውስጥ ከትቶ ማደርም ለጆሮም ለእንቅልፍም አይሆንም።

የጆሮ መድፈኛ (ለስላሳው፣ ከስፖንጅ የሚሠራው) ፋርማሲ ይገኛል፣ ውድ አይደለም። ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚለው አስገባጡን ስለማያውቅ ነው። በንጹሕ እጅ በጣቶቻችሁ መሃል አሽታችሁ ቀጭን አድርጉት። በሌላው እጃችሁ ጆሯችሁን ከጭንቅላታችሁ ላይ አልፋችሁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፣ ከዛ አስገቡትና እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ያዙት። በደንብ ከገባ የራሳችሁ ድምፅ ጎርናና ሆኖ ይሰማችኋል። ጥጥ አትጠቀሙ፤ ድምፅ አያቆምም፣ ውስጥ ሲቀር ደሞ እኛ ነን በመቆንጠጫ የምናወጣው። ጆሮው የሚመግል ወይም የሚያመው ሰው አይጠቀም። ጨቅላ ያላት እናት ከባሏ ጋር ተራ ትግባ፤ ሁለታችሁም ደፍናችሁ አትተኙ።

ስልካችሁንም ዝም አሰኙት። የቴሌግራም ግሩፕ ማታ ስድስት ሰዓት ላይ «ቲንግ» ሲል እሱም ጩኸት ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። የራሴን ክፍል ስደፍን ልኖር ነው ወይስ የሚጮኸው ሰው ይቀንስ?

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። በወጣውም ደረጃ መሠረት መኖሪያ ሰፈር ላይ በቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ደሞ 45 ዴሲቤል ነው ጣሪያው። ንግድ አካባቢ ሌሊት 55 ነው። አንድ ሞንታርቦ በር ላይ አውጥቶ የከፈተ ቤት ይህን እንደሚያልፍ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ለቀበሌና ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ብዙ ጎረቤት አብሮ ሲፈርም ደሞ ይሰማል።

ግን እውነቱን ለመናገር፣ ክስ ከጎረቤት ያጣላል፤ ሽማግሌ ይቀድማል። ስትሄዱ «ዝጋ» አትበሉት፣ «አዙረው» በሉት። ድምፅ ማጉያ አቅጣጫ አለው። ከበር ላይ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ፊቱ ከመንገድ ወደ ቤቱ ቢዞር፣ ትልቁ ጉርምርምታ ቢቀነስ ደንበኛው ምንም አይጎድልበትም፣ ጎረቤቱ ግን ይተኛል። ማርሚታውን ያወለቀ ሞተረኛም የሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ ትመከር።

ስለ ቤተ እምነቶች ድምፅ ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። እንደምትመጡብኝ አውቃለሁ። ለቅዳሴም ለአዛንም የሚነሳ ሰው በፈቃዱ ነው የሚነሳው፣ ለሱ ዕረፍቱ እሱ ነው፤ ማንም አይናገረውም። ግን ከግድግዳው ማዶ የልብ ሕመምተኛ፣ አራስ፣ ለፈተና የምትዘጋጅ ልጅ፣ ሌሊቱን ሲያሽከረክር አድሮ የገባ ሹፌር ተኝቷል። ሹፌሩ ሳይተኛ ተመልሶ መሪ ከያዘ አደጋው የሁላችንም ነው። የማጉያው ከፍታና አቅጣጫ ከእምነቱ ጋር የተያያዘ አይመስለኝም፤ የቴክኒሻን ጉዳይ ነው። ይህንን ለአባቶች በአክብሮት ማንሳት ነውር አይደለም።

ለእንቅልፍ ችግር ሁሉ ጩኸት ነው ምክንያቱ እንዳትሉኝ ደሞ። በጣም የሚያንኮራፋ፣ ተኝቶ ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት፣ ቀን ላይ በተቀመጠበት እንቅልፍ የሚወስደው ሰው መመርመር አለበት። ሌሊት እያፈናቸው ቁጭ የሚሉ፣ እግራቸው የሚያብጥ፣ ከወር በላይ እንቅልፍ ያጡ፣ ከእንቅልፍ ማጣቱ ጋር ተስፋ መቁረጥ ወይም የመሞት ሐሳብ የመጣባቸው ሰዎች አልጋ ሲያዛውሩ ጊዜ አያጥፉ፤ ሐኪም ጋ ይምጡ። ያለ ማዘዣ ዳያዜፓም ገዝታችሁ የምትውጡ ደሞ እባካችሁ። ያደነዝዛችኋል እንጂ መንገዱን ጸጥ አያደርግም፤ ለማቆም ያስቸግራል፣ ትልልቅ ሰዎችን ይጥላል፣ የሚያንኮራፋን ሰው ትንፋሽ ይበልጥ ያዳክማል።

እትዬም ኪኒኑን አላዘዝኩላቸውም፤ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነው የሄዱት። የግፊት መድኃኒታቸውን መጠን አስተካከልኩ፣ አልጋቸውን ወደ ጓሮ ክፍል እንዲያዛውሩ ነገርኳቸው፣ ስለ ሞንታርቦውም የሰፈር ሽማግሌ እንዲያናግሩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ግፊታቸው 138/86 ነበር። መድኃኒቱም አልጋውም አንድ ላይ ስለተለወጡ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መናገር አልችልም፤ አልጋው ነው ብላችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ። ጠዋት የሚወቀጡት ነገር ግን እንደለቀቃቸው ነገሩኝ። የግሮሰሪው ልጅም ሞንታርቦውን ወደ ውስጥ አስገብቶታል፤ ለካ እስከዛሬ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«እሺ አሁን ሁሉም ደህና ነዋ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ደህና፤ የጓሮ ጎረቤቴ ዶሮ አላት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጆሮዬ ሥር ነው የሚጮኸው።»

«ይለምዱታል እትዬ» ብዬ ላሾፍ ስል ከአፌ ነጠቁኝ።

«እሱንስ አልለምደውም! ለፋሲካ ራሴ ነኝ የምገዛት።»